በቡና ጥላ ዛፎቻችን ላይ ስለሚኖሩት ኦርኪዶች

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ከቡና ጋር ዕድሜዬን ያሳለፍሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ስለ ቡና ምርት ወይም ስለ ቡና በሽታ እንደምናገር የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ከቡናው በላይ ስላለው ነገር ነው። የቡና ባለሙያ ዓይን ከጉልበት እስከ ራስ ባለው ከፍታ ላይ ይውላል፤ ቅርንጫፉን፣ ቅጠሉን፣ ፍሬውን ይመረምራል። ጥላ የሚሰጠውን ዛፍ ቀና ብሎ ቢያይ እንኳ የሚያየው ጥላው መብዛቱን ወይም ማነሱን ነው። በዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ምን እንደሚኖር የሚጠይቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ አልጠየቅሁም።

ስለሆነም ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ከሠላሳ ዓመታት በፊት፣ ገና ወጣት ባለሙያ ሳለሁ፣ በአጋሮ አካባቢ ከአንድ አረጋዊ ገበሬ የቡና ማሳ ገባሁ። በቡናው መካከል አንድ ትልቅ ሳሳ፣ የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ሙካ አርባ የሚለው ዛፍ፣ ቆሞ ነበር። ዋና ዋና ቅርንጫፎቹ በፈርን፣ በዛፍ ሽበትና ነጫጭ ሥሮቻቸውን በቅርፊቱ ላይ በዘረጉ ዕፅዋት ተሸፍነዋል። እኔም፦

«አባባ፣ ይህ ሁሉ ተቀጽላ የዛፉን ምግብ እየመጠጠ ነው፤ ቢጠረግ ይሻላል» አልኋቸው።

አረጋዊው ቀና ብለው ካዩ በኋላ፦ «ልጄ፣ ይኼኛው እኮ ተቀምጦበት ነው እንጂ ከዛፉ ምንም አይወስድም። የሚጎዳው ያኛው ነው» ብለው፣ በአጠገቡ ባለው ብሳና ላይ የበቀለውን እውነተኛ ተቀጽላ በጣታቸው አመለከቱኝ።

እኔ ግን የተማርሁ ነበርሁና አልሰማኋቸውም። እሳቸውም ለእንግዳ ካላቸው አክብሮት የተነሣ ልጃቸውን ገጀራ አስይዘው ወደ ዛፉ አወጡት፤ እስከ ቀትር ድረስ ሁሉም ተጠርጎ ከመሬት ወደቀ። ባለፈው ዓመት ያንን ማሳ ደግሜ ጎበኘሁት። ሳሳው ዛሬም አለ። ፈርኑ በከፊል ተመልሷል። ኦርኪድ ግን አንድም አላየሁበትም።

ተቀጽላና ኦርኪድ

አረጋዊው የተናገሩት ቃል በዕፅዋት ሳይንስ የተረጋገጠ እውነት ነው። ተቀጽላ ሥሩን በዛፉ እንጨት ውስጥ ሰድዶ ውሃና ማዕድን ይስባል፤ የተጣበቀበትም ቦታ እንደ ዕጢ ያብጣል፤ እየበዛ ሲሄድ ቅርንጫፉ ይደርቃል። ዛፍ ላይ የሚኖረው ኦርኪድ ግን ዛፉን የሚፈልገው ለመቀመጫ ብቻ ነው። ሥሩ በቅርፊቱ ገጽ ላይ ይሳባል እንጂ ወደ እንጨቱ አይገባም። ውሃውን ከዝናብና ከጉም፣ ማዕድኑን ከአቧራና በቅርንጫፉ ላይ ከበሰበሰ ቅጠል ያገኛል፤ ምግቡንም በብርሃን አስተጻምሮ ራሱ ያዘጋጃል። ስለዚህ ዛፍ ላይ የበቀለውን ሁሉ ተቀጽላ ብለን በአንድ ስም መጥራታችን ጎጂውንና ጎጂ ያልሆነውን በአንድ ገጀራ እንድንመታ አድርጎናል። ለኦርኪድ ወገን ሁሉ የሚያገለግል የታወቀ የአማርኛ ስም አለመኖሩም ለዚህ ስሕተት ሳይረዳ አልቀረም፤ ስም የሌለው ነገር በቀላሉ ይጠረጋል።

ብዛታቸውና ዓይነታቸው

የኦርኪድ ቤተሰብ በዓለም ላይ ካሉት አበባ ሰጪ ዕፅዋት ቤተሰቦች እጅግ ሰፊ ከሆኑት ከሁለቱ አንዱ ነው። እስካሁን የታወቁት ዝርያዎች ወደ 28,000 ይጠጋሉ፤ ከመቶ ሰባ ያህሉ በዛፍ ላይ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ እነዚህም የሚበዙት በሐሩር ክልል ነው። አፍሪካ በዚህ ረገድ ከደቡብ አሜሪካና ከእስያ ታንሳለች፤ ለዚህም ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ በጥንት ዘመናት በተደጋጋሚ የደረሰባት ድርቀት ደኖቿን ማጥበቡ ነው። ያም ሆኖ በአገራችን ከ150 የሚበልጡ የኦርኪድ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ለዚህ ዕውቀት መሠረት የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው 6ኛ ቅጽ፣ እንዲሁም ስብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መምሪያ ናቸው።

ከአገራችን ኦርኪዶች ብዙዎቹ በሣር ሜዳና በረግረግ መሬት ላይ የሚበቅሉ ናቸው። በዛፍ ላይ የሚኖሩት በተለይ የሚበረክቱት ዝናብና ጉም በማይለየው በደቡብ ምዕራብ ነው። በጅማ፣ በጎማ፣ በሊሙ፣ በጌራ፣ ከዚያም አልፎ በከፋና በኢሉባቦር፣ ቡና በጥላ ሥር በሚያድግበት አገር የኦርኪድም መኖሪያ አለ።

ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹን ላስተዋውቃችሁ። ኤራንጊስ የተባለው ወገን ነጭና ኮከብ የመሰለ አበባ ያወጣል። ከዝርያዎቹ አንዱን፣ ኤራንጊስ ብራኪካርፓን፣ አሺል ሪሻር የተባለው ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ናሙና ነው። ሌላው ዝርያ፣ ኤራንጊስ ሉቴኦአልባ፣ በቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ የሚኖር ሲሆን፣ የእኛው ዓይነት በክሬም ነጭ አበባው መካከል የፍም ጠብታ የመሰለ ቀይ ምልክት አለው። ፖሊስታክያ የተባለው ወገን አበባው የተገለበጠ ይመስላል፤ በሌሎች ኦርኪዶች ወደ ታች የሚውለው ከንፈር በእርሱ ወደ ላይ ነው። ቡልቦፊለም በዓለም ካሉት የኦርኪድ ወገኖች በዝርያ ብዛት ከቀዳሚዎቹ የሚቆጠር ሲሆን፣ ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ ዝንብን በሽታቸው ይስባሉ። ማይክሮኬሊያ ደግሞ ከናካቴው ቅጠል የለውም፤ አረንጓዴ ሆነው የቅጠሉን ሥራ የሚሠሩለት ሥሮቹ ናቸው። ስቶልዚያ ግራንዲፍሎራ የተባለችው ትንሽ ኦርኪድ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር መኖሯ አልታወቀም። እርሷ ከእኛ ደን ከጠፋች ከዓለም ጠፋች ማለት ነው።

በአየር ላይ እንዴት ይኖራሉ?

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ለቡናው የሚበቃ ነው። በቅርንጫፍ ላይ ለተቀመጠ ተክል ግን ዝናቡ ባቆመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድርቅ ይጀምራል፤ ውሃ የሚያከማችለት አፈር ከሥሩ የለምና። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን በጋ የሚያልፈው በልዩ ልዩ ዘዴ ነው።

አንደኛው ዘዴ ሥሩ ነው። የኦርኪድ ሥር ቬላመን በሚባል፣ ሕይወት በሌላቸው ባዶ ሕዋሳት በተሠራ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ይህ ሽፋን ሲደርቅ እንደ ብር ይነጣል፤ ዝናብ ወይም ጉም ሲነካው እንደ ስፖንጅ ውሃውን ይመጥና ከውስጡ ያለው አረንጓዴ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ዘዴ ብዙዎቹ ውሃና ምግብ የሚያከማቹበት እንደ ሽንኩርት ያበጠ ግንድ ማውጣታቸው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ብዙዎቹ የቅጠላቸውን ቀዳዳዎች በቀን ዘግተው በሌሊት የሚከፍቱ መሆናቸው ነው። በቀዝቃዛው ሌሊት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስገባሉ፤ በማግሥቱም በብርሃን ይሠሩበታል፤ በዚህም የሚተንባቸው ውሃ ጥቂት ይሆናል።

አበባቸውም ከዚህ የማይተናነስ ጥበብ ይታይበታል። የኤራንጊስ አበባ ከበስተኋላው ረጅምና ቀጭን ቱቦ አለው፤ በብራኪካርፓ ይህ ቱቦ ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ጣፋጩ ፈሳሽ ያለው በቱቦው ግርጌ ነው። አበባው በቀን ሽታ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ሲመሽ ግን መዓዛው ይነሣል፤ የሚጠራውም ምላሱ ከአካሉ የሚረዝመውን ትልቁን የእሳት ራት ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከማዳጋስካር የመጣ አንድ ኦርኪድ ቱቦው ከመጠን በላይ ረጅም መሆኑን አይቶ፣ ይህን የሚደርስበት ምላስ ያለው የእሳት ራት መኖር አለበት ብሎ ነበር። የእሳት ራቱ ለሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1903፣ ዳርዊን ከሞተ ከሃያ ዓመታት በኋላ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ደግሞ የኤራንጊስን አበባዎች የሚያዳቅሉት እነዚሁ የእሳት ራቶች መሆናቸውንና በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ግርጌው በሄደ መጠን ስኳሩ እየበዛ እንደሚሄድ አሳይቷል። ራቱ ጣፋጩን ፍለጋ ምላሱን እስከ መጨረሻው ሲያስገባ ፊቱ ከአበባው ጋር ይገናኛል፤ የአበባው ዱቄትም ጠቅላላ እንደ ጥቅል ተጣብቆበት ወደሚቀጥለው አበባ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዘር ግን የኦርኪድን ድካም የሚገልጥ ነው። አንድ ፍሬ በሺህ የሚቆጠር፣ በአንዳንድ ዝርያም እስከ ሚሊዮን የሚደርስ ዘር ይይዛል። ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ በመሆኑ ነፋስ ሩቅ ይወስደዋል፤ ነገር ግን ስንቅ የለውም። የቡና ፍሬ ለቡቃያው የሚበቃ ምግብ በውስጡ ይዞ ይወለዳል፤ የኦርኪድ ዘር ግን ባረፈበት ቅርፊት ላይ የሚመግበው ተስማሚ ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ከሺዎቹ አንዱ ቢበቅል እንኳ እስኪያብብ ድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ባልደረቦቼ፣ ይህን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ፤ እኔ እስከ ቀትር ያስጠረግሁት የብዙ ዓመታት ሥራ ነበር።

ቡና ለኦርኪድ ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት?

አሁን ሙያችንን በቀጥታ ወደሚነካው ጥያቄ ደርሻለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ በአገራችን ሁለት ጥናቶች ታትመዋል፤ ላይ ላዩን ሲያዩአቸው እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ።

አንደኛው ክሪስቶፈር ሂላንደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ስለሺ ነሞሚሳ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጓሮ ቡና ላይ ያደረጉት ይህ ጥናት፣ የጓሮ ቡና በዛፍ ላይ ለሚኖሩ ዕፅዋት የመጠለያ ቦታ መሆኑን ያስረዳል። ሁለተኛው የጅማ ዩኒቨርሲቲው ኪቴሳ ሁንዴራ ከቤልጅግ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ሲሆን፣ የደን መቆራረጥም ሆነ በደን ውስጥ የሚካሄደው የቡና ልማት፣ ሁለቱም በዛፍ ላይ የሚኖሩትን ኦርኪዶች ብዝኃነት እንደሚቀንሱ ያመለክታል።

ታዲያ የትኛው ነው ትክክል? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ልዩነቱ ቡናው ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ነው። ቡናን ካልተነካ ደን ጋር ስናስተያየው ኦርኪድ ይጎድለዋል። ቡናን ከበቆሎ ማሳ፣ ከጫት ወይም ከባሕር ዛፍ ጋር ስናስተያየው ግን ብዙ ነገር ያተረፈ ሆኖ እናገኘዋለን። እንግዲህ ቡና የደን ምትክ አይደለም፤ ደን ከጠፋ በኋላ ግን የኦርኪድ የመጨረሻ ማረፊያ ሊሆን ይችላል። ይህን ማረፊያ የሚያሰፋውም የሚያጠበውም የእኛ ምክር ነው።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። ዮሐንሶን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ምዕራብ አፍሪካ ደን ባሳተመው ጥናት አንድን ዛፍ ከግንዱ ግርጌ እስከ ጫፍ በአምስት ክፍል ከፍሎ በየክፍሉ የሚኖሩትን ዕፅዋት መዝግቧል። ይበልጥ ሀብታም ሆኖ የተገኘው የትልልቆቹ ቅርንጫፎች የውስጠኛው ክፍል ነው። ምክንያቱን ማንኛችንም ልንገምተው እንችላለን፦ እነዚህ ቅርንጫፎች ወፍራምና ጋደም ያሉ ስለሆኑ የበሰበሰ ቅጠል ይከማችባቸዋል፤ ቅርፊታቸው ያረጀና ሻካራ ስለሆነ እርጥበት ይይዛል፤ ጥላውም መጠነኛ ነው። እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ በወጣት ዛፍ ላይ አይገኝም። ቅርንጫፉን የሚሠራው ዕድሜ ነው።

የቡና ደን በምንጠራ ሲዘጋጅ ግን በመጀመሪያ የሚወድቁት እነዚሁ አሮጌ ዛፎች ናቸው። ቀረሮ፣ ዶቅማ፣ ጥቁር እንጨት ጥላቸው ከባድ ነው ተብለው ይቀነሳሉ፤ ጥላቸው ሳሳ ያለው ሳሳ፣ ብርብራ፣ ግራርና ዋንዛ ይቀራሉ ወይም ይተከላሉ። ለቡናው ይህ ትክክለኛ ምክር ነው፤ ገበሬውም የሚኖረው በቡናው ነውና አላወግዘውም። ነገር ግን አሮጌውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አንሥቶ በወጣት ዛፍ መተካት፣ ጥላውን በጥቂት ዓመታት ቢመልስም፣ ኦርኪዱን አይመልስም። በወረቀት ላይ የጥላው መጠን አንድ ነው፤ በቅርንጫፉ ላይ ያለው ሕይወት ግን አንድ አይደለም። የቡናው ግንድ ራሱም በየጊዜው በጉንደላ ስለሚታደስ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ቤት አይሆንላቸውም። ስለዚህ የነገሩ ቁልፍ ያለው አሮጌው ጥላ ዛፍ ላይ ነው።

ለምን ይመለከተናል?

ከመካከላችሁ «ኦርኪዱ ለገበሬው ምን ይሰጠዋል?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የቫኒላ ቅመም የሚገኘው ከኦርኪድ መሆኑን በማስታወስ ብቻ ልመልስ አልፈልግም፤ የእኛዎቹ ነገ ገንዘብ ያመጣሉ ብዬ ተስፋ ልሰጣችሁም አልችልም። ነገር ግን ከራሳችን ታሪክ አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ ቡናችን ሁሉ ያልቃል ተብሎ ተሠግቶ ነበር። መድኃኒቱ የተገኘው ከፋብሪካ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1967 በመልኮ የተመሠረተው የጅማ የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በየደኑ ዞረው በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን መረጡ። 74110 እና 74112 የተባሉትና ዛሬም በየማሳችን የሚተከሉት ቡናዎች በዚያ ዘመን ከኢሉባቦር የተመረጡ ናቸው። በሽታው ከመምጣቱ በፊት ለእነዚያ ዛፎች የተለየ ዋጋ የሰጠ ሰው አልነበረም። ያዳነን ቀድሞ ያልጠፋው ነገር ነው።

ከዚህም ሌላ ኦርኪድ ለእኛ ምስክር ነው። ለመኖር እርጥበቱ፣ አሮጌው ዛፍ፣ ፈንገሱና የእሳት ራቱ ሁሉ ያስፈልጉታል፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ይቀንሳል። ኦርኪዱ ከማሳው ሲጠፋ ሌላም ነገር ተጉዷል ማለት ነው፤ እኛ ግን ገና አላወቅነውም።

ደግሞም ገበሬው ከተጠቀመ ደኑን እንደሚጠብቅ የታየበት ምሳሌ በአቅራቢያችን አለ። በጌራና በሸቤ በኩል በሚገኘው «በለጠ ጌራ» በሚባለው ደን ነዋሪው በደን አስተዳደር እንዲሳተፍ ከተደረገ በኋላ፣ የደን ቡናው በጥላ ሥር መብቀሉ ተመስክሮለት በተሻለ ዋጋ የሚሸጥበት መንገድ ተከፍቶ ነበር። ታካሃሺና ቶዶ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ይህ ምስክርነት ያለው ደን ከሌለው ይልቅ ከመመንጠር እንደተጠበቀ አሳይተዋል።

ምን እናድርግ?

ያለኝን አሳብ በአጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለገበሬ ምክር ስንሰጥ ተቀጽላንና ኦርኪድን እንለይ። ሥሩ ወደ እንጨቱ ገብቶ ቅርንጫፉን ያሳበጠው ተቀጽላ ነው፤ ይቆረጥ። ነጭ ሥሩ በቅርፊቱ ላይ የተሳበው፣ ከሥሩ ያለው ቅርንጫፍ ያላበጠው ኦርኪድ ነው፤ ይቆይ። ፍሬ የሚሰጠውን የቡና ቅርንጫፍ ሽበትና ፈርን ከሸፈነው ማጽዳቱ አይከለከልም፤ የጥላ ዛፉን ግን እንተወው።

ሁለተኛ፣ ጥላ ሲሳሳ በየማሳው ጥቂት አሮጌና ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ሳይነኩ ይቅሩ። መተካት ካስፈለገም በየተራ ይሁን፤ ወጣቱ ዛፍ አርጅቶ ቅርፊቱ ሻካራ እስኪሆን ድረስ አሮጌው አጠገቡ ቢቆም ዘሩ የሚሻገርበት ድልድይ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ዛፍ በነፋስ ሲወድቅ ወይም ሲቆረጥ በላዩ ያለው ኦርኪድ ከነቅርፊቱ ተነሥቶ በአጠገቡ ባለ ዛፍ ላይ በገመድ ይታሰር። ከቆመ ዛፍ ላይ ግን ለሽያጭም ሆነ ለጌጥ አይወሰድ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1989 በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የኦርኪዶች የውጭ ንግድ ቁጥጥር የሚደረግበት መሆኑንም እናስታውስ።

አራተኛ፣ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ትውልድ ቡናን ተምሯል። ተማሪዎቻችን የማሳ መግለጫ ሲጽፉ ከጥላ ዛፉ ስም ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «በዛፉ ላይ ምን ይኖራል?»

ለዚህ ሁሉ ታላቅ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ገጀራ ከመነሣቱ በፊት ቀና ብሎ ማየትና፣ ማሳው የእርሱ የሆነውን ሰው መስማት ነው። እኔ በዚያች ቀን ሁለቱንም አላደረግሁም። አረጋዊው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ በወቅቱ ልነግራቸው የሚገባኝን ቃል ለእናንተ መናገር ግድ ሆኖብኛል። እሳቸው ትክክል ነበሩ።